አንድ ዕቃ ብቻ ለመግዛት፦ ባይኖኩላር ወይስ ስኮፕ?

ጥያቄው፦ «የምንጽፈው ከመካነ ሰላም ነው። ሦስት ሆነን ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሚመጣ እንግዳ እንመራለን። ያጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚገዛው። ያገኘነው ምክር ሁሉ ለአሜሪካ አጋዘን አዳኞች የተጻፈ ነው። አንዱ 10×42 ይላል፣ ሌላው 15×56፣ ሌላው ያለ ስኮፕ (በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ ከባይኖኩላር አብልጦ የሚያቀርብ ቱቦ) አትውጡ ይላል። እዚህ ደግሞ 20×50 የተጻፈበት ባይኖኩላር በርካሽ ቀርቦልናል። ድኩላ፣ ሰስ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማሳየት የትኛውን እንግዛ?»

መልሱ፦ 8×42 ባይኖኩላር ግዙ። ገንዘብ ከተረፋችሁ ቀለል ያለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ጨምሩበት፤ ስኮፑ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ያን 20×50 ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ለእንግዳ አታቀብሉት።

ያነበባችሁት የአዳኞች ምክር ስህተት አይደለም፣ የተጻፈው ለሌላ ሥራ ነው። የአሜሪካ ምዕራብ አዳኝ 15×56ቱን ትራይፖድ ላይ አስሮ አንድ ሸለቆ ሲቃኝ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ወንዱን ከሴቷ መለየት፣ የቀንዱን ቅርንጫፍ መቁጠር፣ ከዚያ ልተኩስ ወይስ ልተው ብሎ መወሰን አለበት። እናንተ ያላችሁት ፓርክ ውስጥ ነው፤ እዚያ አደን ክልክል ነው። ከፓርክ ውጭም ቢሆን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ስለ ርቀት መለኪያና ስለ ቀንድ ልክ የሚያወራውን ክፍል እለፉት። የእናንተ ሥራ እንስሳውን ቶሎ ማግኘት፣ ባይኖኩላሩን ማቀበል፣ ከዚያም በሕይወቱ ባይኖኩላር ይዞ የማያውቅ እንግዳ ሳይቀር በራሱ ዓይን እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ብዙ መሪዎች የሚቸገሩት በዚህ በመጨረሻው ነው፤ የዕቃ ምርጫችሁንም መወሰን ያለበት እሱ ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። በ8×42 ላይ ፊተኛው ምን ያህል እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል፤ ኋለኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከወዲያኛው ገደል 800 ሜትር ላይ የቆመች ሰስ በ8 እጥፍ ስትታይ 100 ሜትር ላይ ያለች ትመስላለች፣ በ10 እጥፍ ደግሞ 80 ሜትር ላይ። ሰው ሁሉ «10 ይሻላል» የሚልላት ልዩነት ይህች ናት። ለእሷ ሲባል የሚከፈለው ግን ቀላል አይደለም፤ ብርሃን ይቀንሳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጎላል፣ በአንዴ የሚታየው መስክም ይጠባል።

ብርሃኑን ለማወቅ ኋለኛውን ቁጥር ለፊተኛው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፦ ለ8×42 5.25 ሚሊሜትር፣ ለ10×42 4.2፣ ለ20×50 ደግሞ 2.5 ብቻ። የሰው ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 እና 3 ሚሊሜትር ይጠብባል፣ ሲጨልም ግን እስከ 5፣ የወጣት ከሆነ እስከ 7 ይከፈታል። ቀን 6 ሰዓት ላይ ሱቅ በር ቆማችሁ ስትሞክሩ 20×50ው ከ8×42ው እኩል የደመቀ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ብሌናችሁ ራሱ ከ2.5 ብዙም አይበልጥም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ግን 20×50ው ለዓይን የሚሰጠው ብርሃን 8×42ው ከሚሰጠው ሩብ እንኳ አይሞላም። ድኩላ ከጫካው ዳር ወጥቶ የሚግጠው ደግሞ በዚያችው ሰዓትና ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በደጋችን ያለው ወንዱ ድኩላ ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው፤ በአስታ ጥላ ሥር ሲቆም በጠባብ የብርሃን ክብ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ከ8×42 እና ከ10×42 መካከልም ቢሆን ልዩነቱ አንድ ከግማሽ እጥፍ ያህል ነው፤ በንጋት ይህ በደንብ ይታወቃል።

መንቀጥቀጡ የባሰ ነው። ባይኖኩላር እንስሳውን ሲያቀርብ የእጃችሁንም እንቅስቃሴ በዚያው ልክ ያበዛዋል። ከቆላ የመጣ እንግዳ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ወጥቶ፣ ልቡ እየመታ፣ 20 እጥፍ በእጁ ሲይዝ የሚያየው የሚዘል ድንጋይ ነው። ለአብዛኛው ሰው ያለ ድጋፍ የሚያዘው ጣሪያ 10 ነው፤ 8 ምቾት ይሰጣል። የመስኩ ስፋትም እንዲሁ ነው። 8×42 በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 140 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ 10×42 ከ100 እስከ 115 ገደማ። «ከዚያች ጅብራ በስተቀኝ፣ ከነጩ ድንጋይ በታች» ብላችሁ ስታመላክቱ፣ ጅብራዋና ድንጋዩ ባንድ መስክ ከታዩለት እንግዳው ያገኘዋል። ካልታዩለት እናንተ ስታወሩ ሰሷ ትሄዳለች።

10×42 መቼ ይሻላል? ሁልጊዜ ተቀምጦ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ሜዳማ የጓሳ ሣር ላይ ለሚቃኝ ሰው። ላሊበላ አጠገብ ባለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ላይ ቀይ ቀበሮ የሚከታተል ብቸኛ ሰው 10×42 ይሻለኛል ቢል አልከራከረውም። ለሦስት መሪና ለተለዋዋጭ እንግዳ ግን 8 ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው የምትፈልጉት አራት ነገር ነው። ፕሪዝሙ፣ ማለት በቱቦው ውስጥ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ባክ-4 የሚባለው ዓይነት ይሁን (ቢኬ-7 ርካሹ ነው)። የሌንሱ ሽፋን «ፉሊ መልቲ ኮትድ» ይበል፤ «ኮትድ» ብቻ ከሆነ ጥቂቱ ገጽ ብቻ ነው የተቀባው። ውስጡ ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ ይሁን፣ አለበለዚያ በበልግ ጉም ሌንሱ ከውስጥ ያልበዋል፤ የውስጡን ላብ ደግሞ የሚጠርግ የለም። ቱቦው ቀጥ ያለ ዓይነት ከሆነ ፕሪዝሙ «ፌዝ ኮትድ» መሆኑን ጠይቁ፤ ካልሆነ ጥራቱ ይደበዝዛል። ትከሻው ወጣ ያለው የድሮው ዓይነት ይህ ሽፋን አያስፈልገውም፣ ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የተሻለ ምስል ይሰጣል። አብዛኛው ግን ውኃ ያስገባል፤ ለእናንተ አየር ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ። በመካከለኛ ዋጋ ኒኮን ፕሮስታፍና ሞናርክ፣ ቮርቴክስ ዳይመንድባክ በ8×42 ይገኛሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃችኋል። ስዋሮቭስኪ፣ ዛይስና ላይካ የሚበልጡ መሆናቸው አያጠያይቅም፣ ነገር ግን በአንዱ ዋጋ ሦስታችሁም የየራሳችሁን ትገዛላችሁ። ከድሮ የቀረ የሶቪየት 8×30 ካገኛችሁም አትናቁት፤ ምስሉ ቢጫ ቢመታም ሌንሱ ሻጋታ ከሌለበት ከዛሬው ርካሽ ዕቃ ይሻላል።

ካርቶን ግን ይዋሻል፤ ዕቃውን ራሱን ፈትኑት። ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት (ወደ ፀሐይ በፍጹም፤ ዓይን ያጠፋል)። በዓይን ሌንሱ መካከል ብሩህ ክብ ይታያል። ሙሉ ክብ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለና ጎኑ ግራጫ ጥላ ካለው ፕሪዝሙ ርካሹ ነው። ቀጥሎ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ክቡን ለኩት። «20×50» የሚለው 2.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 4 ሚሊሜትር ከሆነ ማጉሊያው 20 ሳይሆን 12 አካባቢ ነው፤ ከ2.5 በጣም ካነሰ ደግሞ የፊት ሌንሱ ከውስጥ በቀለበት ታፍኗል ማለት ነው፣ ትልቁ ሌንስ ለጌጥ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ርካሽ ዕቃ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ፈተና የሁለቱ ቱቦዎች መስመር ነው፤ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ይህን ነው። ቢያንስ 200 ሜትር የራቀ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ምረጡ። ባይኖኩላሩን አጥር ላይ አስደግፋችሁ ምስሉን አጥሩ፣ ከዚያ ጣሪያውን እያያችሁ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። የጣሪያው መስመር በግራና በቀኝ እኩል ከፍታ ላይ ከቆየ ጥሩ ነው። አንዱ ወገን እንደ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ተጣሟል። ዓይን ወደ ጎን የተጣመመን በመጠኑ ያቻችለዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የተጣመመን ግን አይችልም። ሱቅ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ስታዩበት ምንም አይታወቃችሁም፤ ተራራ ላይ ከ15 ደቂቃ በኋላ ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ እንግዳውም ከፍታው ነው የመታኝ ይላል።

የቀረውን በአጭሩ። የፊት ሌንሱ ቀይ እንደ ሩቢ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተዉት፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰባችሁ ነው፣ የቀይ ቀበሮው ቀለም ራሱ ይሞታል። ጥሩ ሽፋን ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው። ማጉሊያው የሚቀያየር «ዙም» ባይኖኩላር አትግዙ፤ መስኩ ጠባብ ነው፣ ሁለቱ ቱቦዎችም ባንድ ልክ አይሄዱም። ያገለገለ ከሆነ በፊት ሌንሱ በኩል የስልክ መብራት አብሩና ከኋላ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። መሃል ማጠፊያው ለቀቅ ብሎ በራሱ የሚወድቅ አይሁን። መነጽር የሚያደርግ እንግዳ ስላለ ዓይን ከሌንሱ የሚርቅበት ልክ ከ15 ሚሊሜትር በታች ባይሆን ይመረጣል። ማጠፊያው ላይ ከፊት በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳንም ፈትታችሁ እዩ፣ ሥሯ የሩብ ኢንች ጥርስ ካለ በኋላ ትራይፖድ ላይ ይታሰራል።

ዘመድ ከውጭ ያምጣልን ካላችሁ አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ። ባይኖኩላር ቦሌ ላይ ሲያዝ የታወቀ ነው፤ ፈቃድ ከሌለው እዚያው ይቀራል። አገር ውስጥ የገዛችሁትንም ደረሰኙን አትጣሉ፤ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ከቀበሌ የመሪነት ደብዳቤ ይዛችሁ ዙሩ። ወደ ወታደር ካምፕ፣ ወደ ኬላና ወደ ድልድይ አታዙሩት። በዚህ ዘመን አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባይኖኩላር ጥያቄ ያስነሳል፣ መልሱን በወረቀት መያዝ ነው።

ለሦስት ሰው አንድ ዕቃ ሲሆን አንድ ችግር ይመጣል፤ የሁላችሁም ዓይን አንድ ልክ አይደለም። ማስተካከያው እንዲህ ነው። የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳን ሸፍኑ፣ ሁለቱንም ዓይን ክፈቱ፣ በግራው ብቻ ሩቅ ዛፍ እያያችሁ በመሃሉ ጎማ አጥሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍኑ፣ የመሃሉን ጎማ ሳትነኩ በቀኝ የዓይን ሌንስ ላይ ያለውን ቀለበት እያዞራችሁ ያንኑ ዛፍ አጥሩ። ከዚህ በኋላ ያ ሰው ቀለበቱን አይነካውም፣ ጎማውን ብቻ ነው የሚያዞረው። ቀለበቱ አጠገብ ቀጭን ነጭ ፕላስተር ለጥፉና የየአንዳችሁን ልክ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ አመልክቱ። ለእንግዳ ስታቀብሉ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ማጠፊያውን በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ባለው ስፋት ልክ አጥፉለት፤ ሁለት ክብ እየታየኝ ነው ካለ ስፋቱ አልተስተካከለም ማለት ነው። መነጽር ያደረገ ከሆነ የዓይን ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ያላደረገ ከሆነ ይውጣ።

በንጋት ብርድ ሌንሱ ለምን ይጨልማል የሚለው ብዙ ሰው ያስቸግራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጋቢውን እስከ አፍንጫ ተከናንቦ የሚያይ ሰው ትንፋሹን በጋቢው ጠርዝ አድርጎ ቀጥታ ወደ ዓይን ሌንሱ ነው የሚልከው፤ ቀዝቃዛው ሌንስ ወዲያው ያልበዋል። ጋቢው ከአገጭ በታች ይውረድ፣ ትንፋሽም ወደ ታች። ሌንሱ ካላበው አትጥረጉት፣ ከፊት አውርዳችሁ ነፋስ ይምታው። ማታ ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ደግሞ ከቦርሳው ሳታወጡ ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

መያዣውን በተመለከተ፣ ትራይፖድ እስክትገዙ ዱላችሁ ይበቃል። ቆማችሁ ከሆነ ዱላውን ፊት ለፊት ተክላችሁ፣ የዱላውን አናትና ባይኖኩላሩን ባንድ ላይ ጨብጡ። ተቀምጣችሁ ከሆነ ጀርባ ለድንጋይ፣ ክርን ለጉልበት። ጋቢ አጥፎ ድንጋይ ላይ መደልደልና ባይኖኩላሩን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉም ይበልጣል። የቆመ 8 እጥፍ ከሚንቀጠቀጥ 12 እጥፍ የበለጠ ዝርዝር ያሳያል፤ አንዴ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሞክሩት።

አፈላለጉን ከአዳኞቹ ተማሩ፣ በዚህስ ጎበዞች ናቸው። ፀሐይን ጀርባችሁ አድርጉ፤ ጠዋት ከገደሉ ምሥራቅ ወገን ተቀምጣችሁ ወደ ምዕራብ፣ ማታ በተቃራኒው። በመጀመሪያ በባዶ ዓይን ሜዳውን፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም መሣሪያ ይገኛሉ። ከዚያ ባይኖኩላሩን አንድ ቦታ ላይ አቁሙና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ሳታንቀሳቅሱ መስኩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በዓይናችሁ አንብቡ፣ ቀጥሎ የመስኩን ግማሽ ያህል ወደ ጎን ውሰዱት። እያንሸራተተ የሚያይ ሰው የቆመ እንስሳ አያገኝም። ሙሉ ድኩላ አትፈልጉ፤ ቀጥ ብሎ ባደገ ግንድ መካከል አግድም የተዘረጋ ጀርባ፣ የጆሮ እርግብግብታ፣ ከጎኑ ያለች ነጭ ነጠብጣብ ፈልጉ። ሰስ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ናት፤ አንዷን ካያችሁ ሌላዋ በዚያው ቋጥኝ አካባቢ አለች። ስትደነግጥ በአፍንጫዋ ታፏጫለች፣ ፉጨቱን ከሰማችሁ ባይኖኩላሩን ከማንሳታችሁ በፊት አቅጣጫውን በዓይን ያዙ።

ስኮፕ ሁለተኛው ግዢ ነው፣ ያኔም ከ60 እስከ 65 ሚሊሜትር፣ 15–45 እጥፍ ያለው ይበቃል። 80 ሚሊሜትሩ ለንጋት ይበልጣል፤ ነገር ግን ከጠንካራ ትራይፖዱ ጋር ሦስትና አራት ኪሎ ይሆናል፣ ዳገቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የዓይን ሌንሱ 45 ዲግሪ የታጠፈውን ምረጡ፤ በአጭሩ ሰው ልክ ካቆማችሁት ረጅሙ ጎንበስ ይላል፣ ቀጥ ያለው ግን ለእያንዳንዱ እንግዳ እግሩን ማስረዘምና ማሳጠር ይፈልጋል። ከፍተኛው ማጉሊያ አያጓጓችሁ። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ከ30 እጥፍ በላይ የምታዩት የሚንቀጠቀጥ አየር ነው፤ ውድ ሌንስም አያድነውም። ትራይፖዱን ስትተክሉ ወፍራሙን እግር አስቀድማችሁ አውጡ፣ መሃሉን ዘንግ አታስረዝሙ፣ ነፋስ ካለ ከሥሩ ድንጋይ የሞላ ከረጢት አንጠልጥሉ።

ከዚህ ምክር ውጭ የሆነ አንድ ቦታ ቢኖር የሐይቅ ዳር ነው። በወሎ «ሐይቅ»ም ሆነ «አርድቦ» በሚባሉት ሐይቆች ዳር ቆሞ የውኃ ወፍ የሚያሳይ መሪ ቢጠይቀኝ ስኮፑን አስቀድም እለዋለሁ፤ ወፎቹ ሜዳ ውኃ ላይ ናቸው፣ ማግኘቱ አይከብድም፣ መለየቱ ነው የሚከብደው፣ እስከ ዳሩም መኪና ይደርሳል።

አያያዙን በተመለከተ፣ ሌንሱን በነጠላ ጫፍ የሚጠርግ ሰው አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚፈትግበት። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፉ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ በትንሹ አርጥባችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ። ማንገቻውን አሳጥሩት፣ ባይኖኩላሩ ደረት ላይ እንጂ ሆድ ላይ አይወዛወዝ። ዳገት ስትወጡ አንድ ክንድ አሳልፋችሁ በጎን አድርጉት፤ ድንጋይ የሚመታው ባይኖኩላር መስመሩን ይስታል፣ ርካሹን ማሳደስ ከአዲስ ግዢ አይቀልም። ክረምት ሲገባ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አትተዉት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በደንብ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጥቂት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት፣ ብራ በሆነ ቀን ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት፣ ከረጢቶቹንም ቢያንስ በየወሩ ቀይሩ።